ሰውየው አለፈ፣ መኪናው ቀረ

በመኪና ወደ ኬንያ ስለመሄድ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ቪዛ ብዙ ይላል። ስለ መኪናው ወረቀት ግን ዝም ብሏል። ሰው የሚጉላላው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። መኪናው ግን የራሱ ጣጣ አለው። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለምሳሌ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ያስፈልገዋል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ተጓዦች የሚይዙት ካርኔማ የመኪና ፓስፖርት በሉት፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፎበታል። ዓላማው መኪናው ቀረጥ ሳይከፈልበት እዚያው እንዳይቀር ነው። ምክንያቱ ስለገባኝ በጥብቅነቱ አልከራከርም።

የምከራከረው ሰው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ድንበር ደርሶ በመሆኑ ነው። አንድ ወዳጄ ድንበር ላይ ሁለት ሌሊት አድሯል (የቱ እንደሆነ ልተወው)። ሊብሬው በአባቱ ስም ነበር፤ ውክልና አልያዘም። ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመትቶለት፣ መኪናው ውስጥ ተኮራምቶ አደረ። ሞያሌ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የአንድ ማቆሚያ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሥርዓት በአንድ ቦታ ለመጨረስ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የጎደለ ወረቀት አያሟላም።

ስለዚህ የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ዝርዝር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ። ሰሌዳው ሞያሌ ብቻ ሳይሆን ሐዋሳ መውጫ ላይም ይተከል። ሐዋሳ ላይ ውክልና የጎደለው ሰው ስልክ ደውሎ ማስላክ ይችላል።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ