ሽልማቱ ለጸደቀው ችግኝ ይሁን

ለአዘጋጁ፦

ክረምት በገባ ቁጥር የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ብዙ ለተከለ ነው። የተከለ ሁሉ ግን አላጸደቀም። ሸላሚዎች ቆጠራውን ከሁለት በጋ በኋላ ቢያደርጉት ተሸላሚዎቹ ሌሎች ይሆናሉ።

ችግኝ የሚሞትበት ምክንያት የታወቀ ነው። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ይቀበርና ሥሩ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ራሱን ያንቃል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው በአንድ ዶማ ምት ይጫራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለው ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያበቃል። የተረፈውን ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ገመድ ከካስማ ጋር አስሮ መዞር ነው፤ ክቡ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። በውስጡ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ሕያው ችግኝ እንዳለ ይመዝገብ። ቦታዎቹ ግን በዕጣ ይመረጡ፤ አስጎብኚ ከመረጣቸው ዳኛው የሚያየው መንገድ ዳር ያለውን ለምለሙን ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ከተዳኘ ስማቸው የማይጠራ ባለሙያዎች ይወጣሉ፦ ችግኙ ወደ ተከላ ከመሄዱ በፊት ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሰው የሚያጠነክሩት የችግኝ ጣቢያ ሴቶች፣ ከብት የሚመልሱ ከግጦሽ የተከለለ መሬት ጠባቂዎች፣ በመስከረም የሚያርሙና የሚኮተኩቱ የሰፈር ወጣቶች።

ለማኅበረሰብ መሸለምም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የትግራዩ አብርሃ ወአጽብሃ መንደር የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘው እንደ ማኅበረሰብ ነው። ከምስክር ወረቀቱ ጋር ዶማ፣ የውሃ ማጠጫና የጥበቃ አበል ቢታከልበት ለቀጣዩ በጋ ይደርሳል።