በረዶው መቅለጡን ተመልካቹ መቼ ይወቅ?

ከጎንደር

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ይሄን ያህል ጊዜ ጠፍቶ «እንደምን ሰነበትክ» ለማለት ወኔ ያስፈልጋል፤ አውቃለሁ። አኩርፌ አልነበረም። ሰላምታ ሲዘገይ ይከብዳል፣ ሲከብድ ደግሞ ይብስ ይዘገያል፤ በቃ ይኸው ነው። ይቅር በለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳይ ባይኖረኝ እንደማልጽፍ መቼም አንተን የሚነግርህ የለም። ቤት ሁሉም ደኅና ነው፤ እናቴ ጉልበቷን ከማመሟ በቀር፣ አንተን ከመጠየቅ አልቦዘነችም። ያ የአዘዞው ነገር እንዳለ ነው። አልነካሁትም፣ አትጠይቀኝ።

ጉዳዬ የምጽፈው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ። ክፍል ስድስት ላይ ቆሜያለሁ። እስካሁን የተጻፈውን ያነበቡት ልጆች ለሁለት ተከፍለውብኛል፦ ግማሾቹ «ታዲያ ምን ያድርግ?» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ይሄን ጨካኝ እንዴት ዋና ገጸ ባሕርይ ታደርገዋለህ!» ብለው ሊቧቀሱኝ ምንም አልቀራቸው። መለያየታቸው ደግ ነው። ሰው ሁሉ እኩል የሚጠላው ወንጀለኛ ለተከታታይ ድራማ ምን ይረባል? የጨነቀኝ የተለያዩበት ቦታ ነው። እኔ ክፍል አምስት ላይ፣ በዝምታው ነው እንዲጣሉ የፈለግኩት፤ እነሱ ግን ገና ክፍል አንድ ላይ፣ ኬላውን አታልሎ ሲያልፍ ተጣልተው ጨርሰዋል።

አንተ መድኃኒት ቤት የምትገባው ለራስ ምታት ብቻ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር ላድርግልህ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ቀስ እያለ ኃይሉን ይበላዋል። አንዴ በረዶ ከሠራ ደግሞ አበቃለት፤ ስለዚህ አይስ ፓኩን ከብልቃጡ ጋር አነካክቶ ማሸግም ያው ጥፋት ነው። ሰውዬዬ ዕቃውን የሚያስመጣው በመተማ በኩል ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆላው 40 ዲግሪ ያልፋል። ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገንዳ ውሃ፣ በአይከል አድርጎ አዘዞ እስኪገባ መኪናው ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ከተገተረ፣ ኮልድ ቦክሱ ውስጥ የነበረው በረዶ ውሃ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

አሁን ሌሊት ነው፣ ሰውዬው ካርቶኑን ይከፍታል። ጥርት ያለው የኢንሱሊን ዓይነት ሲበላሽ ሊደፈርስ ስለሚችል ቶሎ ያስታውቃል። የሱ ዕቃ ግን ሌንቴ የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሌንቴ ደግሞ ሲፈጥረውም ነጣ ያለ ደፍራሳ ነው፣ በመዳፍ መሃል እያንከባለሉ ነው የሚያዋሕዱት። ተንከባሎም የረጋ ፍርፋሪ ከቀረበት ወይ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ይጣላል። ክፋቱ ምንም ሳይታይበትም ኃይሉ ሊሞት ይችላል። ሰውዬዬ ያንከባልላል፣ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ያያል፤ ደኅና ይመስላል። አይስ ፓኩን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ይንቦጫቦጫል። ቆም ይላል። ከዚያ ፎጣ አንስቶ የረጠበውን የካርቶን ሥር ጠረግ ጠረግ ያደርግና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይደረድራል። ከተማው ውስጥ ሌላ ኢንሱሊን የለም። ነገ ጧት እናቶች ይሰለፋሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ የፎጣው ነው። ተመልካቹ ፎጣውን ክፍል አራት ላይ፣ ከሽያጩ በፊት ይየው? ወይስ ክፍል ስድስት ላይ፣ ለሰውዬው ካጨበጨበ በኋላ?

ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ ገጸ ባሕርይ ሲጣሉ ክርክሩ የሥነ ምግባር ይመስላቸዋል፤ አንዱ አጥባቂ፣ ሌላው ልል የሆነ። እኔ ግን ጠቡ በአብዛኛው የቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ። ማን የሰውዬውን መዝገብ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ጀመረ? «ብሬኪንግ ባድ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውሰድ። ከ2008 እስከ 2013 በፈረንጆች 62 ክፍል ታይቶ ሲያልቅ፣ በዋና ገጸ ባሕርይው በዋልተር ዋይት የተጣሉ ሰዎች እስከ ዛሬ አልታረቁም። የመጀመሪያው ክፍል ምን ይሰጥሃል? የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ዕድሜው 50፣ ደመወዙ ስለማይበቃው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና ያጥባል፤ ያውም የገዛ ተማሪውን መኪና። ሚስቱ እርጉዝ፣ ልጁ አካል ጉዳተኛ፣ እሱ ራሱ የሳንባ ካንሰር ተገኝቶበታል። ይሄ ሁሉ ተቀማጭ ነው። በኋላ የሚሠራው ወንጀል ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ተቀማጭ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ተመልካች ሒሳቡን ቶሎ ይዘጋል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ያበድረዋል።

አምስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ የድሮ የሥራ ሸሪኮቹ፣ የናጠጡ ሀብታሞች ናቸው፣ የሕክምናውን ወጪ እንቻልህ ይሉታል። እምቢ አለ! «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያት ከ62ቱ በአምስተኛው ሞቷል፤ ቀብሩን ያየ ግን ጥቂት ነው። ያየው ተመልካች «አሃ፣ ጉዳዩ ትዕቢት ነው» ብሎ ልቡን ሰበሰበ። ሌላው «ወንድ ልጅ ምጽዋት አይቀበልም» ብሎ ይብስ ወደደው። ጎንደሬ ደግሞ ኩራትን ከጥፋት ለመቁጠር እንዴት እንደሚቸገር ታውቃለህ፤ አንተን አላልኩም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያለችውን የጄንን ሞት አስብ። ልጅቷ ሄሮይን ወስዳ ተኝታለች፤ ዋልተር ዋይት ጓደኛዋን፣ የራሱን የዕፅ ሥራ ሸሪክ፣ ሊቀሰቅስ ሲወዘውዘው እሷ በጀርባዋ ትገለበጣለች፣ ትውከቷ ያንቃታል። ሊረዳት አንድ ርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ አፉን ይዞ እያለቀሰ ስትሞት ያያታል። ከዚያ በፊት 480 ሺህ ዶላር የጓደኛዋ ድርሻ ነው ብላ አጋልጥሃለሁ ስትለው አይተናል። እጁን አላነሳባትም፤ አላዳናትምም። ንስሐ አባትህ ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ብለው ሲከፍሉልህ ይሄ ከሦስቱ የት ይገባል? ያንን ትዕይንት ለሁለት ሰዎች አሳያቸው፤ አንዱ «ገደላት» ይላል፣ አንዱ «ተዋት»። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው።

አራተኛው ምዕራፍ ግን ለኔ ፎጣ ትልቁ ትምህርት ነው። አንድ ሕፃን ተመርዞ ሆስፒታል ይገባል፤ ማን እንደመረዘው አይነገረንም። ዋልተር ዋይት ከሱ የባሰውን ጠላቱን ያጠፋል፣ እኛም ከሶፋችን ብድግ ብለን «ወንድ!» እንላለን። የምዕራፉ የመጨረሻ ምስል ላይ ካሜራው በሱ ጓሮ ያለች የአበባ ማሰሮ ጋ ሄዶ ይቆማል፤ መርዙ ከሷ ነው። ጭብጨባው ቀድሞ ወጥቷል፣ መመለስ አይቻልም። ያጨበጨበ ሰው ሁለት መንገድ ነው ያለው፦ ወይ «ተታለልኩ» ብሎ ይቆጣል፣ ወይ ሰውዬውን መከላከል ይጀምራል፤ ሰውዬውን ሲከላከል ደግሞ የራሱን ጭብጨባ ነው የሚከላከለው። በጣም ደርቀው የሚከራከሩልህ ተመልካቾች እነዚህ ናቸው።

ለዚህ ነው ፎጣውን ወደ ክፍል ስድስት ማሳለፉ የሚያባብለኝ። የሚያስፈራኝም ለዚሁ ነው፤ ፍርዱ የተመልካቹ ሳይሆን የኤዲተሩ ይሆናል።

ሌላኛው መንገድ የ«ዘ ሶፕራኖስ»፣ የማፊያ አለቃው የቶኒ ድራማ ነው። በ1999፣ ገና በአምስተኛው ክፍል፣ ቶኒ ሴት ልጁን ኮሌጅ ሊያስጎበኝ ይዟት ሄዶ መንገድ ላይ አንድ የድሮ ከዳተኛ ያያል፣ አድብቶ በገዛ እጁ አንቆ ይገድለዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቆች ተመልካች ይሸሻል ብለው ተሟገቱ። ፈጣሪው ዴቪድ ቼዝ ደግሞ ካልገደለውማ ማን ያምነዋል ብሎ ድርቅ አለ። ተመልካቹም አልሸሸም፤ እያወቀ፣ ዓይኑን ገልጦ አብሮ ዘለቀ። ሙሬይ ስሚዝ የሚባለው የፊልም ምሁር በ1995 ባወጣው መጽሐፉ፣ አንድን ገጸ ባሕርይ ተከትሎ መጓዝና ለሱ መወገን የተለያዩ መሆናቸውን አሳይቷል። አብሮ የሚጓዝ ሁሉ ወገን አይደለም። የኔ አንባቢዎች ይሄን ነው የደባለቁት።

የኛ አገር ተመልካች ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው። የቋራው ካሳ ሽፍታ ነበረ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጫነ፤ ሽፍታና ጀግና በኛ ዘንድ ጎረቤት ናቸው። ኬላ አታልሎ ያለፈን ነጋዴ ሕግ ይከሰው ይሆናል፣ ሰፈሩ ግን አያገለውም። የተበላሸ መድኃኒት ለሕፃን መሸጥ ግን ግፍ ነው፤ እሱን ሰፈሩም አይምርም። ክፍል አንድን በኬላ ስጀምረው አንባቢዎቹ የሕጉን ሚዛን አወጡ፣ እዚያው ተለያዩ፣ የግፉ ሚዛን ሳይወጣ ቀረ።

የክፍል አምስቱ ዝምታ ይኸውልህ። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ዩኒት ነው። በቀን 20 ዩኒት ለምትወጋ ልጅ 50 ቀን ያዘልቃል፣ ከተከፈተ ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ቀን በላይ አይያዝም። የትኛዋ ድኻ እናት ናት ግማሽ ብልቃጥ የምትጥለው? ልጅቷ ውሃ ውሃ ስትል፣ ስታስመልስ፣ ትንፋሿ ሲያጥር ጤና ጣቢያ ያደርሷታል፤ ነርሷ «ያለፈበት ወግተሻት ነው!» ብላ እናቲቱ ላይ ትጮኻለች። ሰውዬዬ በሩ ላይ ቆሟል። ያውቃል። ዝም ይላል። ከፎጣው ይልቅ ይሄ ይከፋል ባይ ነኝ፤ ግን ተመልካቹ ፎጣውን ቀድሞ ካላየ ዝምታው ምንም አይናገርም። ደግ ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ ቆሞ ነው የሚመስለው!

ስለ ነርሷም ሐሳብ ገብቶኛል። ሰውዬውን የምትጠረጥረው እሷ ናት፤ ተመልካች ደግሞ የሚወደውን ወንጀለኛ መንገድ የምትዘጋን ሴት ይጠላል። የዋልተር ዋይትን ሚስት ሆና የተጫወተችው አና ጋን የጥላቻው ብዛት አንገፍግፏት በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፋለች። ሴትዮዋ እኮ ወንጀል አትሥራ ነው ያለችው። መድኃኒቱ ነርሷን ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት፣ ለብቻዋ፣ በራሷ ጭንቀት ማሳየት ነው፤ ባዶ ማቀዝቀዣ ከፍታ ስትዘጋ። አንድ ትዕይንት ይበቃታል።

እና ሰሞኑን በላዔ ሰብእን እያሰብኩ ነው። አትሳቅ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አይተነዋል፦ ሚዛኑ፣ የበላቸው 78 ነፍሳት ባንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃዋ በሌላው፣ የእመቤታችን ጥላ ውሃዋ ላይ አርፎ። እሱም ላይ ሰው ይከራከራል፤ አያቶቻችን ውሃዋን ያያሉ፣ ልጆቹ 78ቱን ይቆጥራሉ። ተረኩን ግን ልብ በለው፤ ቁጥሩን አይደብቅህም። አስቀድሞ 78 ይልሃል፣ ውሃው ኋላ ይመጣል። የሚምረው ሁሉ እያወቀ ነው የሚምረው። የፈረንጆቹ አስተማሪ ግን ውሃውን ቀድሞ አጠጣን፣ ቁጥሩን ቀስ በቀስ አመጣው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ላይ ደረስኩ። ክፍል ሰባት ላይ ሰውዬዬ ይጸጸትና ደኅና፣ ቀዝቃዛ ኢንሱሊን በገዛ ገንዘቡ አምጥቶ ለልጅቷ በነፃ ይሰጣል። ጥርኝ ውሃው ይሄ ነው። ግን እናቲቱ የሞተው ብልቃጥ አልሠራ ሲላት ከ20 ወደ 32 ዩኒት ከፍ አድርጋ ነበር። በደኅናው ብልቃጥ ያንኑ 32 ስትወጋት ስኳሯ ይወድቃል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት። መጠኑን አስለኩት፣ ሐኪም ሳያይ አትጀምሩ ማለት ነበረበት። ያን ለማለት ደግሞ የፊተኛው የተበላሸ እንደነበር መናገር አለበት። አልተናገረም። ጉዳቱ ከክፋቱ ሳይሆን ከደግነቱ መጣ። ፎጣውን ክፍል አራት ላይ ያየ ተመልካች እዚህ ሲደርስ ሰውዬውን አንገቱን ሊያንቀው ይፈልጋል፤ ክፍል ስድስት ላይ ያየው ግን ያዝንለት ይሆናል። የትኛው ይሻላል?

አንዷ ልጅ ሦስተኛ መንገድ አምጥታ ነበር፦ በረዶው መቅለጡን እኛ እንየው፣ እሱ ማየት አለማየቱ አይታወቅ። አልወደድኩትም። ያኔ ጠቡ «አወቀ፣ አላወቀም» ይሆናል፤ እሱ የፖሊስ ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው «እያወቀም ይማራል ወይ» ብለው እንዲጣሉልኝ ነው።

ልቤ ወደ ክፍል አራት ያጋድላል፤ እጄ ግን አልታዘዝ ብሏል፣ ምክንያቱም ክፍል ስድስት ላይ ትዕይንቱ ያምራል፣ በጣም ያምራል። ሁለቱንም አጻጻፍ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ነርሷ የምትገባበትን ገጽ አጥፌዋለሁ። ለባለቤትህ ሳትነግራት መጀመሪያ አራትን፣ ለብቻው ስድስትን አስነብባትና ፊቷን እይልኝ፤ ያንተ ፊት ምንም አያስነብብም። ስለ ዕዳው… እሱን ስንገናኝ። ለነርሷም ስም አውጣላት፤ የምናውቃትን የዚያችን ልጅ ስም ግን እንዳታወጣ፣ እዚህ ስክሪፕቱን የማያነብ የለም።

ያው ወንድምህ