ታናሽህና ያ 8 በመቶ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? የጆበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ማን ማንን ዘጋ የሚለውን እንተወው፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው።

የጻፍኩልህ በታናሽህ ጉዳይ ነው። አንተ ጋ ደቡብ አፍሪካ ለመምጣት ልቡ ተነሥቷል። ስትመክረው "እዚህ ከመቶው ከ30 በላይ ሥራ አጥ ነው፣ እናንተ ጋ 8 ብቻ፤ ምን ፍለጋ ትመጣለህ?" አልከው አሉ። ሳቀብህ።

ቁጥሩስ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኛ አገር የሠራተኛ ኃይል ጥናት ሥራ አጡ 8 በመቶ ነው፤ ከተማው ለብቻው ሲታይ ግን 18.7። እናንተ ጋ በዚያው ዓመት መጨረሻ 35 አልፎ ነበር። ግን ልጁን እየው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕቃ ያወርዳል። በቀደም ለሦስት ሆነው አንድ ፍሪጅ በደረጃ አራተኛ ፎቅ አወጡ። ብሩን ተካፈሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር ጠፋ። የጥናቱ መዝጋቢ ቢመጣ "ሥራ አለው" ብሎ ይጽፈዋል። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልማ!

ናይጄሪያን ተመልከት። በ2020 መጨረሻ 33.3 በመቶ፣ በ2023 መጀመሪያ 4.1። ተአምር እንዳይመስልህ። ቀድሞ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሠራውን ሥራ አጥ ይሉት ነበር፤ ኋላ እነሱም ወደ አንድ ሰዓቱ ገቡ። ኒጀር ደግሞ አንድ በመቶም አይሞላ። ታዲያ ኒጀር በልጽጋ ነው? ደሃ እጁን አጣጥፎ ሥራ የሚፈልግበት አቅም ከየት ያመጣል? ያገኘውን ይይዛል።

እናንተ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። በአፓርታይድ ጊዜ ጥቁሩ እንዳይነግድ ሕጉ ሲያስረው ስለኖረ፣ ጉልቱና ሱቅ በደረቴው እንደኛ አልበዛም። የጥቁሩ ሰፈርም ሆን ተብሎ ከሥራው ርቆ የተሠራ ነው፤ ለታክሲ የሚወጣው ብቻ ሥራ ፍለጋን ያስመርራል። ያ ሥራ ያጣ ሰው የሐበሻን ሱቅ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ በፐርሰንት አትከራከረው፣ አያዋጣህም። ስለ መንገዱ ንገረው። በ2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው የተገኙት 64 ሰዎች የኛው ልጆች ነበሩ። ደላላው ይህን አያወራለትም። አንተስ በየት በየት አድርገህ እንደደረስክ አንድ ቀን ነግረኸው ታውቃለህ? እኔም እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልክ ያነሳል። ደውልለት። ብር ግን ለጊዜው እንዳትልክ፤ ቀጥታ ለደላላው ነው የሚሰጠው።