ለፓቶሎጂ ጥናት ቡድናችን አባላት፦ የቅዳሜው የሬቲኖብላስቶማ ስላይድ

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምናየው የሕፃናት የዓይን ካንሰር፣ ሬቲኖብላስቶማ ነው። በማይክሮስኮፑ ትንሽ በሚያጎላው ሌንስ ስታዩት ሰማያዊ፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ተደባልቆ ይታያችኋል፦ ሰማያዊው ሕያው ዕጢ፣ ሮዙ የሞተ ሕብረ ሕዋስ፣ ወይን ጠጁ ካልሲየም። ሕያዎቹ ሴሎች የደም ሥሩን እንደ እጅጌ ከበውት ይቆማሉ፤ ራቅ ያሉት ደም ስለማይደርሳቸው ሞተዋል።

ከዚያ አጉሉት። ሴሎቹ ትንንሽ፣ ኒውክለሳቸው ደማቅ ሰማያዊ፣ ሳይቶፕላዝማቸው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ክብ ሠርተው መሃላቸው ክፍት ከሆነ የፍሌክስነር-ዊንተርስታይነር ሮዜት (አበባ መሰል የሴሎች ክብ) ነው። መሃሉ በቃጫ መሰል መረብ ከተሞላ ግን ሆመር ራይት ይባላል፤ ይኼኛው ኒውሮብላስቶማና ሜዱሎብላስቶማ በሚባሉት ሌሎች የሕፃናት ዕጢዎችም ስለሚገኝ ብቻውን አያሳምንም።

ሮዜት ያገኘ ሰው ደስ ብሎት እዚያው ይቀራል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። የልጁን ቀጣይ ሕክምና የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ዕጢው በዓይን ነርቭ በኩል ላሚና ክሪብሮሳን (ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ወንፊት መሰል ክፍል) አልፏል? የተቆረጠው የነርቩ ጫፍ ድረስስ ሄዷል? ኮሮይድ (ከሬቲና ሥር ያለው ደም ሥር የበዛበት ሽፋን) ውስጥ የገባው ስፋቱ ወይም ውፍረቱ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ወረራ ብላችሁ መዝግቡ።

አደራ፣ በቀዶ ሕክምና የወጣ ዓይን ሲደርሳችሁ የነርቩን ጫፍ ዓይኑ ሳይከፈት በፊት ቁረጡ። ዕጢው ልፍስፍስ ስለሆነ ፍርፋሪው ነርቩ ላይ ተለጥፎ ያሳስታችኋል።