ውጤቱን ማን ይንገራቸው?

ሰላም ነሽ ወይ እህቴ? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ልጅሽ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉኝ እኔ እኮ ገና አዝለሻት ነበር የማስባት። በጣም ናፍቀሽኛል። በሁለት መስመር ቴክስት የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ፣ ደግሞም የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።

ያለሁት መቂ ነው። ከዚህ እስከ ዝዋይ ባሉ ቀበሌዎች እየዞረ የውሃ መረጃ የሚሰበስብ ቡድን ሱፐርቫይዝ አደርጋለሁ። አርባ ምንጭ እያለን የተማርነው ሥራ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ጥልቀት፣ ፒኤች (አሲድነቱ)፣ ኢሲ (የሟሟውን ጨው መጠን የሚጠቁመው)፣ ፍሎራይድ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከዚያ ውሃ ከሚቀዱት ጋር አጭር ቃለ መጠይቅ። ልጆቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ ይሄ ብቻውን ግማሹን ሥራ ያቀልልኛል። ሰው በቋንቋው ሲጠየቅ «ውሃ አለ» ብሎ ብቻ አይሸኝሽም፤ ፓምፑ መቼ እንደተበላሸ፣ የቦኖው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ በበጋ ምን ያህል ወረፋ እንደሚጠብቅ ይነግርሻል።

ማታ ማታ ታብሌት ላይ የገባውን አያለሁ። ጥልቀቱ ሁሉ 12፣ 15፣ 20 እያለ በድፍን ቁጥር ከመጣ ሜትሩ ጉድጓድ ውስጥ አልወረደም ማለት ነው። ቀድሞ የሚመጣው ቁጣ ነው። ግን ቦታው ድረስ ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ የእጅ ፓምፑ ከላይ በብሎን ታስሯል፣ ሜትር የምታስገቢበት ቀዳዳ የለውም፣ ፎርሙ ደግሞ ቁጥር ካልሞላሽ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፍሽም። ምን ያድርግ? ጥበቃውን ጠይቆ የነገሩትን ይጽፋል። ስለዚህ ፎርሙን አስቀየርኩ። አሁን «መለካት አልተቻለም» የሚል ምርጫ አለ፣ ምክንያቱም አብሮ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ ድፍን ቁጥሮቹ በጣም ቀነሱ።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ግን ድርድር የለም። መጀመሪያ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ይመታል፣ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውሃ ይውጣ። የፕላስቲክ ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ኮዱ የሚጻፈው ጠርሙሱ ሳይረጥብ ነው፣ እርጥብ ላይ ማርከር አይዝማ። ተመትቶ የሚወጣውን ውሃ መሬት ላይ መድፋት ግን ከልክያለሁ። እናቶች ጎህ ሳይቀድ ጄሪካን ደርድረው በቆሙበት ቦታ ዓይናቸው እያየ ውሃ አይደፋም፣ ተራዋን ለለቀቀችልን ሴት ይቀዳላታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ታውቂዋለሽ፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዩ የሚወጣው ፍሎራይድ ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እዚህ የዚያን እጥፍ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከቡድኑ ልጆች አንዷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ጥርሷ በፍሎራይዱ ቡናማ ሆኗል፣ ስታወራ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች። አንድ ጠዋት ሕፃን ያዘለች እናት «ውሃችን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። ፎርማችን ለዚህ ጥያቄ ቦታ የለውም። ቁጥሩ ወደ ቢሮ ይሄዳል፣ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ ተመልሶ እዚያች ሴት ጋ አይደርስም።

ይሄ ልክ አይደለም። በእግር ደርሰሽ የምትመለሺባቸው ሁለት ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ጥርስ የሚበላሸው ደግሞ ገና በሚሠራበት በልጅነት ነው፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ። «ለልብስና ለዕቃ ከዚህ ቅጂ፣ ልጆቹ የሚጠጡትንና ወጥ የምትሠሪበትን ከዚያኛው» ብሎ መንገር ስንት ልጅ ያተርፋል! «ብናፈላውስ?» ይሉናል። ማፍላት ለጀርም ነው፣ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። ይሄ ሳይነገራቸው ማገዶ የሚጨርሱ እናቶች አሉ።

ከላይ ያሉት «በአንድ ልኬት ሕዝብ አይረበሽም» ይላሉ። እውነት ነው፣ የመስክ ልኬት በላብራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ይረጋገጥና ታዲያ እንመለስ! ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጋር ሆነን፣ የውሃ ኮሚቴውን ሰብስበን፣ የትኛው ጉድጓድ ምን ያህል እንዳለው እንንገራቸው። ነዳጅና የጥቂት ቀን አበል ነው የሚፈልገው።

አንቺ አሁን የጥናት በጀት የሚወጣበት ቦታ ነሽ። የሚቀጥለው ዙር ቢጋር (የሥራው ዝርዝር) ሲጻፍ ውጤቱን ለተጠቃሚው መመለስ ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ፣ ገንዘብ ተይዞለት ይግባልኝ። «ሲቻል» የሚል ቃል እንዳይገባበት አደራ፣ ሲቻል ከተባለ እንደማይደረግ ሁለታችንም እናውቃለን። ወጪውን በቀበሌ አስልቼ እልክልሻለሁ። ሌላ ጉድጓድ የሌላቸው ቀበሌዎችም አሉ፤ ለእነሱ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ወይ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ካልታሰበ መንገሩ ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል? እሱን ቁጭ ብለን ማውራት አለብን።

ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ እስከ ሰኞ አለሁ። እቤት ከሆንሽ እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ፣ ካልተመቸሽ ደውዪልኝ። እናትሽን ሳሚልኝ።