«እቺን ፌስታል እስከ ነገ ያዙልኝ» — የድጋፍ ጥሪ ከሐዋሳ

በየእሁዱ አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ባለው የእድራችን ግቢ ምሳ እናበላለን። የሰፈሩ እናቶች ይሠራሉ፣ ወጣቶቹ ያስተናግዳሉ። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ወንድም እህቶቻችን በልተው፣ መርቀውን ይሄዳሉ። እኛም ተመስገን ብለን ድስት እናጥባለን።

የካቲት ላይ ያ ዝናብ የጣለ ሰሞን ነው። አንድ ልጅ አለ፣ ሁሌ በብብቱ ጥቁር ፌስታል ይዞ ነው የሚበላው። እጁን ሲታጠብ እንኳን አያስቀምጣትም። ወጥ ልጨምርለት ስጠጋ «ይብቃኝ፤ ይልቅ እቺን እስከ ነገ ያዙልኝ» አለኝ። ውስጧ የቲቢ መድኃኒቱ ነበር። ሌሊት ዝናብ ገብቶበት ግማሹ ሟሙቷል። መድኃኒቱን የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። በረንዳ የሚያድር ሰው 6 ወር ሙሉ የት ያስቀምጠው?

ከዚያ ወዲህ «ምን እንጨምርላችሁ?» ማለት ትተን «ምን ቸገራችሁ?» ማለት ጀመርን። «እንጀራ» ብሎ የመለሰልን ሰው ጥቂት ነው። ወንዶቹ ሐይቁ ዳር ወርደው ይታጠባሉ። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ግን «እኔ እስኪጨልም ነው የምጠብቀው፤ ሲጨልም ደግሞ እፈራለሁ» አለችን። የምንመልስላት አጣን።

ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልበስም ብዙ አይፈይድም። ግርሻ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የሚያስተላልፈው ቅማል የሚደበቀው ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። የፈላ ውሃ ይፈልጋል።

ስለዚህ እድሩ ከግቢው ጥግ ቦታ ፈቅዶልናል። 2 ሻወር እንሠራለን፣ አንዱ ለሴቶች ብቻ። ልብስ መቀቀያና ቁልፍ ያላቸው 30 ሳጥኖችም ይኖራሉ። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሮቶ፣ ቧንቧና 2 በርሜል ነው። ብየዳ ቤት ያላችሁ፣ ቧንቧ የምትሠሩ፣ የአንድ ቀን ሙያችሁ ለእኛ ትልቅ ገንዘብ ነው።

የመታወቂያ ችግርም አለ። ከገጠር የመጣ ሰው የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይጠየቃል፣ መሸኛው ደግሞ የመጣበት ቀበሌ ነው ያለው። ለፋይዳ ግን ሰነድ የሌለው ሰው ቀድሞ በተመዘገበ ምስክር መመዝገብ እንዲችል አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ይፈቅዳል። ፋይዳ ያላችሁ፣ የምታውቁትን ሰው አጅባችሁ ለመመስከር ግማሽ ቀን ስጡን። ይህ ብር አይጠይቅም።

ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። የወጪው ዝርዝር በየወሩ የግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ምሳው አይቋረጥም፣ ከምሳው ብር አንድም ሳንቲም አንነካም። ክረምት ሳይገባ ግን ጣሪያው መመታት አለበት።

የልጁ ፌስታል ለጊዜው እድሩ ዕቃ ቤት፣ ድንኳኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ይሄዳል። እሁድ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ግቢው ክፍት ነው። ባዶ እጃችሁን መምጣት ከከበዳችሁ ደረቅ ሳሙና ያዙ።