ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረምህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ፤ ስለ እኔ አታስቡ። ለሠርግህ 40,000 ብር ልኬአለሁ። ለመቀበል ስትሄድ የላኩበት ስም ከመታወቂያህ ጋር እስከ አያት ድረስ አንድ መሆኑን እይ፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተ ይመልሱሃል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል ስልክ የማታነሣው ለምን እንደሆነ ትናንት ከእማዬ ሰማሁ። የዚያች መበለት አንድ ቃዳ መሬት «ባለይዞታ የሌለው» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ መሬት ለኪው አንተ ነህና እንድትፈርም አለቃህ ቀን ቆርጦልሃል። አባባ ደግሞ «ሹም የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው፤ ሠርግህ ሳይደርስ እንጀራህን አትግፋ» ብለውሃል።

አባባ፣ ይህን እርስዎም እንዲሰሙት ነው የምጽፈው። የጠቀሱት የሮሜ 13 ቃል እውነት ነው። ጳውሎስ ያን የጻፈው በሮም ኔሮን ቄሣር ሆኖ ሳለ ነው፤ ደግ ንጉሥ ስላገኘ አልነበረም። ግን ቁጥር 7 ላይ ለሹም የሚገባውን ሲቆጥር ግብር፣ ቀረጥ፣ መፈራትና ክብር ብሎ ያቆማል። የሐሰት ምስክርነት እዚያ ውስጥ የለም። ልጅዎ አለቃውን ያክብር፣ በሰዓቱ ይግባ፣ የታዘዘውን ልኬት ይለካ። «በሐሰት አትመስክር» ያለውን ግን ሹም ሊሽረው አይችልም። ጴጥሮስና ሐዋርያት በሸንጎው ፊት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያሉት እዚህ ድንበር ላይ ሲደርሱ ነው።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21ን አንብብ፤ ያንተ ጉዳይ ነው። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ሚስቱ ኤልዛቤል ያን ጊዜ ወታደር አልላከችም። በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ ለከተማው ሽማግሌዎች ላከች፦ ጾም አውጁ፣ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀምጡት፣ ሁለት ሰዎች ይመስክሩበት የሚል። ልብ በል፤ ሁለት ምስክር የሙሴ ሕግ የሚጠይቀው ቁጥር ነው። ማኅተሙ አለ፣ ምስክሩ አልጎደለም፣ ጾሙም ታውጇል። ሽማግሌዎቹ ናቡቴን ያውቁት ነበር፣ በአንድ ከተማ ነው የሚኖሩት። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ «አይሆንም» ማለቱ አልተጻፈም። ንጉሥ ሆኖም አክዓብ ያለ እነሱ እጅ ያን መሬት አላገኘውም። አለቃህም ያንተን ፊርማ አጥብቆ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ሥራውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሰው ሲፈራ ግን የሚያውቀውን ይረሳል። እምቢታህን በቃል ብቻ አትናገር፤ በቃል የተባለ ነገር ነገ «ከሥራ ቀርቷል» ወይም «ትእዛዝ ጥሷል» ተብሎ ይጻፍብሃል። ትእዛዙ በደብዳቤ እንዲሰጥህ በትሕትና ጠይቅ። ዳንኤልም ከንጉሡ መብል እንዳይበላ መጀመሪያ አለቃውን ለመነ፤ እሱ ሲፈራ ወደ መጋቢው ሄዶ የ10 ቀን ፈተና ጠየቀ። ሳይሳደብ ነው፣ ሳይሸሽም ነው።

ቀጥሎ የመበለቲቱን አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር አስመጣና በአራቱ አቅጣጫ የተጻፉትን አዋሳኞች ከመዝገቡ ጋር አስተያይ። ልኬቱ አዋሳኞቹ በተገኙበት እንዲደገም አመልክት። ማመልከቻህን በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጥ፣ ባንተው ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፈህ ማኅተም አስደርግበት፣ ከቢሮ ውጭም አስቀምጠው። ስብሰባው ላይ ግድ ከተቀመጥህ የልዩነት ሐሳብህን በገዛ እጅህ ጻፍ፤ ከፊርማህ በላይ ባዶ ቦታ ካለ መስመር አስምርበት። «አሁን ልፈርም፣ በኋላ አስተካክላለሁ» አትበል። በዚያ ቃለ ጉባኤ አዲስ ደብተር ከወጣ በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ያቺ ሴትዮ ደግሞ ለጠበቃ የምትከፍለው የላትም።

ይህን ሁሉ ማድረግ እምነት ማጣት አይምሰልህ። ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው፤ አለቃህን የሚበልጥ ሹም ፈልገህ እንዳትጠጋ። እማዬ «ዞን ላይ ዘመድ አለን» ስትለኝ ደነገጥሁ። ያ ዘመድ ዛሬ ቢያድንህ፣ ነገ ደግሞ የራሱን ቃለ ጉባኤ ያመጣልሃል። አባባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊት ሲደግሙ 145ኛው ላይ ይደርሳሉ፤ በአለቆች አትታመኑ ይላል፣ ምክንያቱንም ይነግረናል፦ ነፍሳቸው ትወጣለች፣ ወደ መሬታቸው ይመለሳሉ፣ ያን ቀን ምክራቸው ሁሉ ይጠፋል።

«እሷ እዚያ ተቀምጣ ምን አለባት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ፤ ደመወዙ የሚቀረው የእኔ አይደለም። ከታገድህ በየወሩ እልክልሃለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልሼ ሰረዝሁት። እልካለሁ፣ አልተውህም። ግን እህቴ አለች ብለህ እምቢ አትበል። እኔም ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነገ ሊቆም ይችላል።

ይሳካልሃል ብዬም ቃል አልሰጥህም። ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር ፊት አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም ብለዋል። እነሱ ከእሳቱ ወጡ። ናቡቴ ግን ተወግሮ ሞተ። አቡነ ጴጥሮስም አርበኞቹን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ስትሄድ ይህን አስበህ ጸልይ፤ ለአለቃህም ጸልይለት።

አባባ፣ የደም ግፊቱን መድኃኒት ጾም ነው ብለው እንዳያቋርጡ፤ በውኃ የሚዋጥ ነው፣ ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እማዬ በዚህ ትቈጣጠርልኝ።

ለሙሽራዋ እንደማትፈርም አስቀድመህ ንገራት። አብራህ የምትኖረው እሷ ናትና ወሬው ከሌላ ሰው አይድረሳት። ዳሱ ሲጣል፣ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ስልኩን ከፍታችሁ አስቀምጡልኝ፤ ባይታየኝም ድምፁ ይበቃኛል። የአባባንና የእማዬን ጉልበት ስትስም ሁለት ሁለት ጊዜ ሳም፤ አንዱ የእኔ ነው።

ታላቅ እህትህ